አጉድዬ ያነበብሁት ደብዳቤ

በዚያን ቀን ሸሕዲ በብርቄ ሻይ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ ጥሩነሽ፣ ባለቤቴ ይርጋ፣ የንስሐ አባታችን መምሬ ተገኘ፣ የሻይ ቤቱ ባለቤት ብርቄ፣ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረችው ልጄ ሰላም፣ ከጎጃም የመጣው አንሙት፣ ከአንሙት ጋር የወረዱ ሁለት ያገሩ ሰዎች። የሁለቱን ስም ጠይቄ ነበር፤ ጠፋብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። የብርቄ ፍየልም ነበረች። እሷን ከሰው ጋር የምቆጥራት ስላደረገችው ነገር ነው፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። አንድም ሰው እንዳይቀርብኝ ሦስት ጊዜ በጣቴ ቆጥሬያለሁ። ነገር ሲነገር መጉደል የለበትም። ይህን ሕግ በራሴ ላይ ካወጣሁት ብዙ ዘመን ሆነኝ።

ይህን ለመጻፍ ያስቀመጠኝ የትናንቱ ነገር ነው። ሰላም ዛሬ መተማ ዮሐንስ አስተማሪ ናት። እሷን ለማየት ከሸሕዲ በሚኒባስ ወርጄ ከጉምሩኩ ወዲህ ካለው ማዕዘን ቆሜ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ዛሬ የስልክ ካርድና የታሸገ ውሃ ይሸጣሉ። በእኔ ጊዜ አንዲት ሱዳናዊት ብርቱካንማ ቶቧን ተከናንባ፣ በትንሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ከርከዴ ትሸጥበት ነበር፤ ብርጭቆው በስሙኒ። ስሙኒ ያጣ ሰው ጎኗ ቁጭ ብሎ ብርጭቆ ያጥብላት ነበር፤ ስሙኒ ያለውም ለጨዋታዋ ብሎ ያጥብላታል። ይህን እያሰብሁ ስቆም ከድንበሩ ማዶ ከገላባት በኩል ጓዛቸውን ተሸክመው በእግር ከሚገቡት መካከል አንዱ፣ ጀላቢያ የለበሰ፣ ፍራሹን ጠቅልሎ ራሱ ላይ ያደረገ ሰው እያንጎራጎረ በፊቴ አለፈ።

ቆላማ ብወርድም ሰሊጥ ላጭድበት፣
ልቤስ ደጋ ቀረ እናቴ ካለችበት።

ይህን ግጥም እኔ ከአንድ ሰው አፍ በቀር ሰምቼው አላውቅም። ሮጥሁ! የደም ግፊት ኪኒን በቦርሳ የያዘች ሴት፣ ነጠላዋ ከኋላ እየተጎተተ፣ በመኪናና በአህያ መካከል ሮጠች! ባጃጅ አጠገቤ ቆመና ሾፌሩ «እማማ፣ የት ላድርስዎ?» አለኝ።

«ያን ባለ ፍራሽ ተከተልልኝ!»

«እማማ፣ እሱ እኮ በእግሩ ነው የሚሄደው። ከዚህ ቢያስነጥሱ ይሰማዎታል።»

«ተከተል ብያለሁ!»

ደረስሁበት። ሰውየው የነገረኝን መጨረሻ ላይ አስቀምጫለሁ። አሁን ብጽፈው የቀረውን አልጨርስም፤ የቀረው ካልተነገረ ደግሞ የትናንቱ ደስታዬ ለማንም አይገባውም።

ያኔ እርሻችን ከሸሕዲ ወደ ገለጉ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። መንገድ ያልሁት አፌ ለምዶ ነው፤ በክረምት ትራክተሩን ከነማረሻ ዲስኩ የሚውጥ ጥቁር አፈር ነው። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፣ ሰላም በጀርባዬ ናት። መስከረም ሲጠባ ደገኞቹ በጭነት መኪና እየተጫኑ ሸሕዲ ይወርዳሉ፤ አደባባዩ በአረንጓዴ ቁምጣና በትከሻ ላይ በተጣለ ፎጣ ይሞላል። እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ፤ አዲስ የገዛ ሰው እንዳያልቅበት በእጁ ይዞት ይሄዳል። አሠሪዎች እየመጡ ይዋዋሏቸዋል፤ አንድ በአንድ ሳይሆን ቡድን ቡድን አድርገው፤ ምክንያቱም ከአንድ አጥቢያ የወረዱ ሰዎች አይነጣጠሉም። ባለቤቴ ይርጋ በሰፈሩ ብቸኛው ባለ ራዲዮ ነበር። ባትሪው ሲደክም ድንጋይ ላይ ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ሠራተኞቹ ዙሪያውን ተቀምጠው «ተነሣ በለው እንጂ ጋሼ ይርጋ፣ እኛንም በፀሐይ ነው የምታስነሣን!» እያሉ ይቀልዱበታል። ዛሬ ሰው ሁሉ በኪሱ ስልክ ይዞ ይሄዳል፤ እንደዚያ ራዲዮ አብሮ የሚያስቅ ግን አላየሁም።

እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። ብዙ አይደለም፤ በዚያ በረሃ ግን ብዙ ነበር። እሑድ እሑድ ከኩርኩራው ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ፤ ከደጋ ደብዳቤ የመጣላቸው ሠራተኞች ተሰልፈው «እትዬ ጥሩ፣ ይችን ወረቀት እስቲ እይልኝ» ይሉኛል። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ይለኝ ነበር። ከመምሬ ተገኘ ቀጥሎ ሰው ጸጥ ብሎ የሚያዳምጠው እኔን ነበር። ታዲያ አንድ ክፉ ልማድ ነበረኝ። ከተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ፤ ሰው ሲያዝን ማየት አልችልም። «ላሟ ሞተች» የሚለውን «ላሟ ትንሽ አሟታል» ብዬ አነባለሁ። «ሚስትህ ተቆጥታለች» የሚለውን «ሚስትህ ናፍቃለች» እለዋለሁ። ቸርነት ነው ብዬ ነበር የማምነው። ኃጢአት እኔ ቤት በር ሰብሮ አልገባም፤ ለሰው የሚያዝን ጎረቤት መስሎ፣ ደህና ዋላችሁ ብሎ ነው የገባው።

አንሙት የአሥራ ስምንት ሰው ቡድን መሪ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ የግራ እጁ ትንሿ ጣት በማጭድ የተቆረጠች። ሲያጭድ ከፊት ሆኖ ዜማ ያወርዳል፤ ያን ስለ እናቱ የገጠመውን ግጥም ሲያነሣ ሌሎቹ ይቀበሉታል፣ ማጭዱም ከዜማው ጋር ይሄዳል። ሻይ ውስጥ አምስት ማንኪያ ስኳር ይጨምራል። ብርቄ «አንተ ሰውዬ፣ ስኳሩን በሻይ ነው ወይስ ሻዩን በስኳር ነው የምትጠጣው?» ስትለው «የእናቴ ልጅ ነኛ፣ ማር አስለምዳኝ» ይላታል። እናቱ አንድ እሱን ነው ወንድ የወለደችው።

ያ ዓመት ሰሊጡ እንደዚያ ያማረ አይቼ አላውቅም። ሰሊጥ ግን ሰው አይጠብቅም። ሲደርስ ፍሬውን የያዘው ቆባ ከታች ጀምሮ አፉን ይከፍታል፤ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደግፎ ካልቆመ፣ ማለትም እኛ ሂላ የምንለው ካልተሠራ፣ ነፋስ ሲነካው ፍሬው ሁሉ መሬት ላይ ይፈሳል። ከመሬት ሰሊጥ የሚለቅም የለም። በዚያ ሳምንት ይርጋን ወባ ጣለው። ብርድ ልብስ ደርቤለት በዚያ ሙቀት ይንቀጠቀጣል። እሑድ ከቀትር በፊት የእህል መኪና ከሸሕዲ መጣ፤ ብርቄ ከሻይ ቤቷ በሾፌሩ እጅ የላከችው የአንሙት ደብዳቤ ደረሰኝ። አንሙት ከፊቴ ተንበርክኮ ፎጣውን አውልቆ ያዘ። እኔ መጀመሪያ በዓይኔ አነበብሁት። እንዲህ ይላል፦

«ለተወደድኸው ወንድሜ አንሙት፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ነገር ግን እናታችን ከተኛች ሦስት ሳምንቷ ነው። እህል አትቀምስም። ስምህን እየጠራች ነው። ይህ ወረቀት እንደደረሰህ ተነሣ። ሥራ ይቆያል፣ እናት አትቆይም። እህትህ።»

ይህን አገር የማያውቅ ሰው፣ አንድ ሰው ቢሄድ ምን ይጎድላል ይል ይሆናል። ደገኛ ወደ ሕመምተኛም ሆነ ወደ ለቅሶ ጓደኛውን ብቻውን አይልክም። አብረው የወረዱ አብረው ይወጣሉ፤ አንሙት ከተነሣ አሥራ ስምንቱም ይነሣሉ። ሰሊጡን አየሁት። ከዳሱ ውስጥ የይርጋን ጥርስ ሲንገጫገጭ ሰማሁ። ሰላም በጀርባዬ ታለቅሳለች። አፌ ተከፈተና እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

«እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናታችንም ደህና ናት። ስምህን እየጠራች ትመርቅሃለች። ሥራህን ጨርሰህ ና። እህትህ።»

አያችሁ? «ስምህን እየጠራች» የሚለውን አልነካሁበትም። እሱ እውነት ነበር።

አንሙት ከተንበረከከበት ዘሎ ተነሣ። «አፍሽ ቅቤ ይጠጣ እትዬ ጥሩ!» ብሎ እጄን ሳመው። ወረቀቱን ተቀብሎኝ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንደዚያ ሲያጭድ አይቼው አላውቅም፤ እየዘፈነ ያጭዳል፤ በዘፈነ ቁጥር እኔ ወደ ዳሱ እገባለሁ። አንድ ፍሬ ሳይረግፍ ሰሊጡ በሂላ ቆመ። ተራግፎ ተሸጠ። ይርጋ ዳነ። በዚያ ዓመት የሣሩን ቤት አፍርሰን የቆርቆሮ ቤት ሠራን፤ በሰፈራችን ሁለተኛው ቆርቆሮ! ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» እያለ መጣ።

በተከታዩ ዓመት የአንሙት ቡድን ሲመጣ አንሙት አልነበረበትም። ያገሩን ሰው ጠየቅሁት።

«አንሙትማ እናቱ በተቀበረች በአምስተኛው ቀን ነው የደረሰ፤» አለኝ።

«ምን አለ?»

«ምን ይላል? ደብዳቤው ዘግይቶ ደረሰኝ አለ።»

ደብዳቤው አልዘገየም ነበር። እሱም ያውቃል ማለት ነው። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ወደ አገሩ ሲመለስ መኪና ላይ ከጎኑ ለተቀመጠች የጤና ሠራተኛ «እስቲ ደስ የሚለውን ደግመሽ አንብቢልኝ» ብሎ ሰጣት፤ እሷም እንደተጻፈው አነበበችለት። ያን ሁሉ እያወቀ ስሜን ላገሩ ሰው አላነሣም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝናብ ሲጥል ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ አንሙት ከነማጭዱ ከላዬ ያለ ይመስለኛል። «ፍየሎቹን ልይ» ብዬ እወጣለሁ፤ በረቱ ሥር ቆሜ እርሳለሁ። ይርጋ «እንቁረብ፣ ሰባት ዓመት በሰማንያ ኖርን፣ በቁርባን እንጽና» ሲለኝ ሰበብ አበዛለሁ፤ ልጅ አመማት፣ ሥራ በዛ፣ ከጾሙ በኋላ። በመጨረሻ መምሬ ተገኘ ቤታችንን ጸበል ሊረጩ የመጡ ቀን ከበረቱ ኋላ ወስጄ ሁሉን ነገርኋቸው።

«አባቴ፣ አንድ ሺህ ስግደት ይዘዙብኝ፤» አልኋቸው።

«ቀኖናውንም ራስሽ ልታዢ ነው? ስግደቱንስ እሰጥሻለሁ፤ ወገብሽ ብርቱ ነው። ግን የበደለው ወገብሽ አይደለም፣ ምላስሽ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ደብዳቤ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ አንብቢ። ቢያስለቅስ ያልቅስ። አንቺ አምላክ አይደለሽም፤ የሰው እንባ ጠባቂ አድርጎ የሾመሽ የለም።»

«ሥጋ ወደሙስ?»

«አንሙትን አግኝተሽ ከታረቅሽ በኋላ።»

«ቢሞትስ አባቴ?»

«ፈልጊው አልሁሽ እንጂ ቅበሪው አልሁሽ?»

ስግደት ይቀላል፤ ይህን የሞከረው ያውቀዋል። ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማንበብ ግን! የመጀመሪያው ወር ምላሴ እንደ እምቢተኛ በቅሎ ነበር። «በሬው ገደል ገባ» የሚል ሲመጣ ላብ ያጠምቀኛል፤ በስመ አብ ብዬ እንደተጻፈው እለቀዋለሁ። የሚደንቀው፣ ሰዎቹ አልወደቁም። ያዝናሉ፣ ከዚያ ይማከራሉ፣ ከዚያ መልስ አስጽፈውኝ ይሄዳሉ። ለካስ ሰው ከእኔ ፍርሃት ይበልጥ ጠንካራ ነው።

ፈተናው ግን ቆይቶ መጣ፤ ልክ በሰሊጡ ሳምንት። ከወሎ የመጡ አሥራ ሁለት ሠራተኞች ነበሩን። የአንዱ ወንድም መሞቱን የሚነግር ወረቀት እጄ ገባ። ሰሊጡ አፉን ከፍቷል። ይርጋ ከሩቅ በዓይኑ ያየኛል፤ ከፊቴ መልክ ክፉ ወሬ መሆኑን ገምቷል። «ቀስ ብለሽ...» አለ። ቀስ አላልሁም። አነበብሁት፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው። ሰውየው መሬት ላይ ወደቀ፣ ሌሎቹ አነሡት፣ በማግስቱ ፀሐይ ሳይሞቅ አሥራ ሁለቱም ሄዱ። እኔ፣ ይርጋና ከሸሕዲ ሻይ ቤቷን ዘግታ የመጣችው ብርቄ ወገባችን እስኪቆረጥ አጨድን። ግማሹ ረገፈ። ሲረግፍ ድምፅ አለው፤ እንደ ቀጭን ዝናብ ነው። እኔ ግን ልናገረው የማልችለው ደስታ ነበር የተሰማኝ! እግሬ ሥር ሀብታችን እየፈሰሰ ልቤ እንደ ክንፍ ቀለለኝ። ብርቄ «ፀሐይ መታሽ እንዴ? ምን ያስቅሻል?» አለችኝ።

ይርጋ ማጭዱን ጥሎ ፊቴ ቆመ። «ይህን ያደረግሽበት ምክንያት አለሽ፤ ዛሬ ትነግሪኛለሽ፤» አለኝ። ነገርሁት።

«ቆርቆሮው የዚያ ዓመት ነው?»

«አዎ።»

«ዝናብ ሲጥል ፍየል ልይ ብለሽ የምትወጪው ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ፍየል የምትወድ ሴት አገባሁ ብዬ ለሰው ሳወራ!» አለና ማጭዱን አነሣ። ጥቂት አጭዶ ሳይዞር «አብረን እንፈልገዋለን» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በየመስከረሙ ሁለታችንም ሸሕዲ አደባባይ እንቆማለን። ከጭነት መኪናው የሚወርደውን ቁምጣ ለባሽ ሁሉ እያስቆምን «አንሙት የሚባል፣ የግራ እጁ ትንሿ ጣት የሌለች» እያልን እንጠይቃለን። ብርቄ በሯ ላይ ቆማ «ባሏን ይዛ ወንድ የምትፈልግ ሴት ያየሁት አንቺን ብቻ ነው!» ብላ አገሩን ታስቅብኛለች። እሷ ያኔ የምፈልግበትን ምክንያት አታውቅም ነበር፤ ግን ሰውየውን ታውቀዋለች።

እና ያ ቀን መጣ! ቤቴ እያለሁ ነው፤ የብርቄ መልእክተኛ በሳይክል መጥቶ «ስኳሩን የሚጨርሰው ሰውዬ መጥቷል፣ ድረሺ» አለኝ። ሰላምን አንጠለጠልሁ፣ ይርጋ መምሬን ሊጠራ ሮጠ። ስንደርስ አንሙት ስድስተኛ ብርጭቆ ሻዩ ላይ ነው። ብርቄ እንዳይነሣ እየቀዳች «የቀዳሁልህን ትተህ ብትሄድ ስድብ ነው» ትለዋለች፤ እሱም «እትዬ፣ ሆዴ ኩሬ ሆነ እኮ» ይላል። ሲያየኝ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ፎጣውን አላወለቀም።

እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ። «አትውደቂ፤» አለ። ከደረት ኪሱ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ያ ወረቀት ነው፤ አራት ቦታ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። «ያን ጊዜ አንብበሽልኛል። አሁን ደግሞ አንብቢልኝ።»

«አንሙት ወንድሜ፣ ያለውን እኮ አውቀኸዋል...»

«አውቄዋለሁ። ግን 'እናታችን ደህና ናት' የሚለው ያንቺ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ራስሽ አውጪው።»

ቆሜ አነበብሁ። ሁሉም ሰሙ፤ ብርቄ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ደረቀች። «እህል አትቀምስም» አልሁ። «ስምህን እየጠራች ነው» አልሁ። «ሥራ ይቆያል» ላይ ስደርስ አቋረጥሁ። ይርጋ ከጎኔ «ጨርሺው» አለኝ። «ሥራ ይቆያል፣ እናት አትቆይም። እህትህ።» ጨረስሁት። አንድም ቃል አላጎደልሁም።

አንሙት ፎጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቅርጭም ቅርጭም የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ዞር ስንል የብርቄ ፍየል የመምሬን የዝንብ ጭራ ይዛ ግማሹን በልታዋለች። መምሬ «ኧረ ወግጂ! ይህችኛዋ ደግሞ ንስሐም የላት!» ብለው ሲስቡባት፣ መጀመሪያ የሳቀው አንሙት ነው። እንባው እየወረደ ሳቀ። ከዚያ ሁላችንም። ሰላም ለምን እንደምንስቅ ሳታውቅ ከሁላችን በላይ ሳቀች።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፤» አለኝ አንሙት። መምሬ በመስቀል ሁለታችንንም ባረኩን። አንሙት ቀጥሎ ያለውን ዛሬም በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ይቅር ብያለሁ። አልረሳሁም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ፤ ፊደል አስቆጥሪኝ። ከእንግዲህ የእኔን ወረቀት ማንም አያነብልኝም።»

ያን ክረምትና በጋ ከእኛ ጋር ሠራ። እሑድ እሑድ በዚያው ኩርኩራ ሥር ከሰላም ጎን ተቀምጦ ሀ ሁ አለ። ሰላም ትምህርት ቤት በተማረችው ታርመዋለች፤ «ጋሼ አንሙት፣ ይሄ 'ቀ' ነው፣ 'ተ' አይደለም!» ትለዋለች። አስተማሪነቷን የጀመረችው ያኔ ይመስለኛል። በጥር ወር ያን ደብዳቤ ራሱ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ ከዳር እስከ ዳር አነበበ።

እኔና ይርጋም ቆረብን። ያን ጠዋት እንዴት ልንገራችሁ! ነጭ ለብሰን በእግራችን ስንሄድ ዝንብ አፌ ገብታ ጾሜን እንዳታስፈታኝ ፈርቼ መንገዱን ሙሉ አፌን በነጠላ ሸፍኜ ሄድሁ። ከቆረብሁ በኋላ ደግሞ እሾህ እንዳይወጋኝ፣ እንዳላስነጥስ፣ እንዳልስቅ እፈራለሁ። ይርጋ «መንግሥተ ሰማያትም ብትገቢ በሩ በደንብ መዘጋቱን ሄደሽ ታያለሽ» አለኝ። በዚያ ሳምንት ያለ ጊዜው ዝናብ ጣለ። ቆርቆሮው ተንጫጫ። ከአልጋዬ ሳልነሣ እስኪያባራ አዳመጥሁት።

ቅድስና ማለት ያን ቀን የጨረስሁት ነገር መስሎኝ ነበር። አይደለም። እስከ ዛሬ ሰላም ስትደውልልኝ «ደህና ነኝ» ልላት ምላሴ ይሮጣል። «ዛሬ ጉልበቴን አሞኛል» ብዬ እውነቱን ስናገር ትንሽ ድል ነው። ድሉን በየቀኑ እንደ አዲስ ነው የምይዘው፤ በየቀኑም ደስ ይለኛል፤ ልጅ መራመድ ስትጀምር እንደሚያስደስት ዓይነት።

አንሙት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት በመስከረም ይመጣ ነበር፤ በራሱ እጅ ይጽፍልንም ነበር፤ ፊደሉ ትልልቅና ጠማማ። ከዚያ ሥራ ፍለጋ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ ወገን ሄደ። እዚያ ማዶ ጦርነት ተነሥቶ ነገር ከተበላሸ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ሰላም መተማ ዮሐንስ ከተመደበች ጀምሮ ከማዶ የሚገባውን ሁሉ ትጠይቅልኛለች፤ የለም።

እና ትናንት ያ ባለ ፍራሽ! ባጃጁ ፊቱ ሲቆም ሰውየው ደነገጠ። ወሎዬ ነው። «ይህን ግጥም ማን አስተማረህ?» አልሁት፤ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

«አንድ ጎጃሜ ነው እማማ። እርሻ ላይ አብሮን ነበር።»

«እጁ! እጁን ንገረኝ!»

«የግራ እጁ ትንሿ ጣት የለችም። በምን አወቁ?»

ከባጃጁ ወርጄ ሰውየውን ከነፍራሹ አቀፍሁት! ሾፌሩ «ልጅዎ ነው እንዴ?» ይላል። ሰውየው እንዲህ አለኝ፦ «ማንበብ የማንችለው ከአገር መልእክት በስልካችን ሲመጣልን እሱ ነው የሚያነብልን። ሌላው ሰው ያለሳልሳል፤ እሱ ግን ክፉውንም ደጉንም አያስቀርም። አንድ ጊዜ 'ምናለ ብታስቀርልኝ' ብለው 'ያስተማረችኝ ሴት አይፈቅድልኝም' አለኝ።»

ባለፈው ክረምት ነው የተለያዩት። አንሙት ወደ ድንበሩ እወጣለሁ ሲል ሰምቶታል፤ ከዚያ ወዲያ አላየውም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት በሕይወት ነበር! ይህን ቤቴ ተመልሼ ሌሊቱን ሙሉ ለይርጋ ስደጋግምለት አደርሁ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በመተማ ዮሐንስ፣ በሸሕዲ፣ በገለጉ ያላችሁ፣ ከማዶም የምትገቡ፤ አንሙት ረጅም ነው፣ ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል፣ የግራ እጁ ትንሿ ጣት የለችም፣ ሻዩ ውስጥ አምስት ማንኪያ ስኳር ይጨምራል። አይታችሁት ወይም ስለ እሱ ሰምታችሁ ከሆነ ሸሕዲ ብርቄ ሻይ ቤት ንገሩልኝ። ክፉ ወሬም ቢሆን ሳታጎድሉ ንገሩኝ።